የልምምድ እልልታ

ልጅ ሳይወለድ እልል ተባለ! እልልታውን የጀመርኩት ደግሞ እኔ ነኝ! በቃ፣ ወጣልኝ። ዋናውን ነገር አፌ ውስጥ ይዤ መቆየት አልችልበትም። ገንፎ ተገንፍቶ፣ ቅቤ ቀልጦ፣ ወንድሜ ኳራንቲን ቁጭ ብሎ ስም ሁሉ አውጥቶ፣ ልጁ ግን ገና እናቱ ሆድ ውስጥ ይገላበጣል። በናታችሁ አትሳቁብኝ። እሺ ሳቁ። ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም መጨረሻ ላይ የምጠይቃችሁ ነገር አለኝ።

እየሮጥኩ ነበር። ሚያዝያ 14 ቀን 2012፣ ረቡዕ፣ የፋሲካ ሳምንት፣ ረፋዱ ላይ። ከላፍቶ ወደ ጤና ጣቢያው በሚያወርደው ኮብልስቶን ላይ የሃምዛን ሰማያዊ ባጃጅ ከኋላ ከኋላ እየተከተልኩ እሮጣለሁ። እማዬ ከአሮጌ ነጠላ የሰፋችልኝ ማስክ በተነፈስኩ ቁጥር አፌ ውስጥ ይገባል። በአንድ እጄ ስልኬን፣ በሌላው የፊዚክስ ደብተሬን ይዣለሁ። ደብተሩን ለምን ያዝሽ እንዳትሉኝ። ሆምዎርክ እየሰራሁ ነው ሌንሳ "ናፊ፣ መጣ!" ብላ የጮኸችው፣ ከዚያ በኋላ ማስቀመጥ ትዝ አላለኝም።

ባጃጅ እያለ ለምን ትሮጫለሽ ካላችሁ፣ ሳጅን አባይነህ ናቸው ያስወረዱኝ። ያ ሰሞን ትዝ ይላችኋል አይደል? የኮሮና አዋጅ ወጥቶ፣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል ሆኖ፣ ታክሲውም ባጃጁም ግማሽ ሰው ብቻ ይጭን የነበረበት ጊዜ። ሳጅን አባይነህ መታጠፊያው ላይ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ።

"ስንት ጫንክ?"

"ሁለት፣ ሳጅን" አለ ሃምዛ።

"ባጃጅ ስንት ይጭናል?"

"ሶስት።"

"ግማሹ ስንት ነው?"

ሃምዛ የባጃጁን ጣሪያ አየ። "አንድ... ተኩል?"

ሳጅን ጎንበስ ብለው ወደ ውስጥ አዩ። ሌንሳን አዩ። ከዚያ የሌንሳን ሆድ አዩ። "እሷ ብቻዋን አንድ ተኩል ናት። አንቺ ውረጂ።"

"ሳጅን፣ ምጥ ላይ ናት እኮ!"

"ለዚህ አይደል ቶሎ የምለቃችሁ! ውረጂ!"

ወረድኩ። ሃምዛ ነዳው። ሌንሳ በጎን በኩል አንገቷን አውጥታ "ናፊ፣ እንዳትቀሪ!" ትላለች፣ እኔ "አለሁ! አለሁ!" እያልኩ እሮጣለሁ። ሊስትሮዎቹ "አይዞሽ፣ ትደርሽበታለሽ!" ብለው ያጨበጭቡልኛል። ሼም በሼም ሆንኩ፣ ግን አልቆምኩም።

መቆም አልችልማ! ሌንሳ የታላቅ ወንድሜ የሞልቱ ሚስት ናት፣ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። ሞልቱ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ዕቃ ጭኖ ሲገባ እኛን ሳያይ፣ ቀጥታ ኳራንቲን አስገቡት። አስራ አራት ቀን። ያን ቀን ዘጠነኛው ነበር። በገባ ዕለት ደውሎ ምን አለኝ መሰላችሁ? "ናፊ፣ እኔ እስክወጣ ዓይኔ አንቺ ነሽ። ሌንሳን ቤት እንዳታስወልዷት። እሺ በይኝ።" እሺ አልኩት። ለምን እንዲህ እንዳለ ቤታችን ውስጥ ሁሉም ያውቃል። የሌንሳ እህት የመጀመሪያ ምጧን "ትንሽ ልቻለው፣ ሰው ይስቅብኛል" ብላ ቤት ስትቆይ ቆይታ፣ ሲወስዷት መሽቶባት ነበር። እሷ ተረፈች። ልጇ ግን አልተረፈም።

ስለዚህ ሌንሳ ሆዷ ጠንከር ባለ ቁጥር ትደነግጣለች። ቅዳሜ፣ የፋሲካ ዋዜማ፣ "መጣ" ብላ ሄደን "ገና ነው" ተብለን ተመለስን። የጎረቤታችን የእትዬ እፀገነት ወሬ እስከ እሁድ ጠዋት አልቆመም፤ "ዶሮውን ለማን ጥላ ነው የሄደችው?" እያሉ። እና ይሄ ሁለተኛችን ነው።

ጤና ጣቢያው በር ላይ እጅ ታጠብን። ዘበኛው ሽጉጥ የመሰለ የሙቀት መለኪያ ግንባራችን ላይ ደገነ። የእኔን አይቶ "ምነው ጋለሽ?" አለኝ። "ሮጬ ነው!" አልኩት። አላመነኝም፣ ጥላ ስር አስቀምጦ እንደገና ለካኝ። በዚያ መሀል ሌንሳ ገብታ አልጋ ላይ ወጥታለች።

አዋላጇ ሲስተር ዝማሬ ትባላለች። ከላይ እስከታች ፕላስቲክ ለብሳ፣ ፊቷ ላይ እንደ መስታወት ያለ መከለያ አድርጋ፣ የሚታየው ዓይኗ ብቻ ነው። ግን ዓይኗ ብቻውን ይስቃል፣ ማርያምን! መረመረቻትና ጓንቷን አወለቀች።

"ማህጸንሽ አልተከፈተም ሌንሳ። ልጁም አንቺም ደህና ናችሁ። ልምምድ ነው።"

ሌንሳ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። "የውሸት ምጥ ነው በይኛ። ሰፈርተኛው እንደሚለው።"

"እኔ ውሸት አልለውም" አለች ሲስተር። "እጅሽን አምጪ። ሆድሽ ሲጠነክር እዚህ ጋ ድንጋይ ይሆናል አይደል?"

"ይሆናል።"

"ታዲያ ውሸት ድንጋይ ይሆናል? ማህጸን ጡንቻ ነው፣ የኔ ቆንጆ። ልምምድ ያልሰራ ተጫዋች ሜዳ ይገባል? ወሩ ሲገፋ እንዲህ እየተኮማተረ ይለማመዳል። ገና ጨዋታው አልተጀመረም።"

እኔ ደግሞ ወዲያው በሀሳቤ አየሁት! አገር ምድሩ ኳስ በቆመበት ሰሞን ልምምዱን ያላቋረጠ ብቸኛ ተጫዋች ሌንሳ ሆድ ውስጥ!

"እና እንዴት ነው የምናውቀው?" አልኩ። "ጨዋታው ሲጀመር ፊሽካ የለው!"

ሲስተር ደብተሬን አየችው። "ጻፊ እንግዲህ፣ ይዘሽ መጥተሽ የለ። ሆዷ መጠንከር ሲጀምር ሰዓቱን ያዢ። የሚቀጥለው ሲጀምር ደግሞ ያዢ። በመሀላቸው ስንት ደቂቃ እንዳለ፣ አንዱ ራሱ ስንት ሰከንድ እንደቆየ ጻፊ።"

"እንደ ፔንዱለም!" ብዬ ጮህኩ። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቲቸር ቦንሳ በቴሌግራም የላኩልን ሆምዎርክ እኮ ስለ ፔንዱለም ነው! ክር ላይ ድንጋይ አስራችሁ፣ ሄዶ እስኪመለስ በሰዓት ያዙ ነው የሚለው።

"ጎበዝ። ፔንዱለም ከሆነ እውነተኛው ነው። ሰዓቱን ጠብቆ ይመጣል፣ እየተቀራረበ፣ እየጠነከረ፣ እየረዘመ ይሄዳል። ልምምዱ ግን የላፍቶ ታክሲ ነው። ሲያሰኘው ሁለቱ ተከታትለው ይመጣሉ፣ ሲያሰኘው ግማሽ ሰዓት ያስቆምሻል። ውሃ ስትጠጣ፣ ሽንቷን ስትሸና፣ ስትነሳ ወይ በግራ ጎኗ ስትተኛ ይተዋታል። እውነተኛው ብትቆምም ብትተኛም አይተዋትም። አምስት አምስት ደቂቃ ላይ ደርሶ አንድ ሰዓት ከቀጠለ ይዘሻት ነይ።"

"አምስት፣ አንድ ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ።

"ሌላም ጻፊ። ውሃ ከፈሰሳት፣ ደም ካየች፣ ወይ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰባት፣ ቆጠራ የለም። ደብተርሽን ወርውረሽ ነይ።" ከዚያ ወደ ሌንሳ ዞረች። "ጥርጥር ከገባሽም ነይ። አስር ጊዜም ቢሆን። ለልምምድ መጣች ብሎ የሚስቅ ሰው ካለ፣ ማፈር ያለበት እሱ ነው።"

ሲስተርን እንዴት እንደወደድኳት! እና ገና የባሰ ልወዳት ነው፣ ስሙ። አንድ ቀንድ የመሰለ ነገር አወጣችና ሰፊውን አፍ ሌንሳ ሆድ ላይ፣ ጠባቡን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። "ትንፋሽሽን ያዢ" አለችኝ።

ቱክቱክቱክቱክቱክ!

ኡኡኡ! እንዴት ነው የሚጋልበው! ቅድም እኔ እንደዚያ ስሮጥ ልቤ እንኳን እንደሱ አልፈጠነም! የሞልቱ ልጅ! አክስት ነኝ! በቃ መቻል አቃተኝ፣ ወደ ግቢው ሮጬ ወጣሁና ለእማዬ ደወልኩ። መጀመሪያ እንደዚያን ጊዜ ወጉ ስልኩ ላይ የተቀዳችው ሴትዮ ስለ ኮሮና መከረችኝ። እጅሽን ታጠቢ፣ ርቀትሽን ጠብቂ፣ እሺ እሺ እሺ፣ አገናኚኝ! እማዬ "ሃሎ?" አለች። "እማዬ፣ ደህና ናቸው" ልል ነበር። እምላችሁ፣ አፌ ላይ ነበር። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

እልልልልልልልል! እልልልልልል! እልልልልል!

ትንፋሼ እስኪያልቅ። ሳልቆጥር። ከዚያ "ደህና..." ልል ስል የስልኬ ባትሪ ሞተ። "ይሁን፣ ቤት ስንደርስ እነግራታለሁ" ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ቀወጥኩት እኮ! ሳላውቅ ላፍቶን ቀወጥኳት!

አሁን ቤት የሆነውን ስሙ፤ በኋላ ነው የነገሩኝ። ሴቶቹ እንደወጉ ሌንሳ ምጥ ያዛት ሲባል ሊለምኑላት መጥተዋል። ግን አዋጅ አለ። ስለዚህ ተራርቀው ቆሙ። በመካከላቸው ሁለት የአዋቂ እርምጃ፣ ልክ ሬዲዮው እንደሚለው። የመጀመሪያዋ ከበራችን ጀምራ፣ ሰልፉ በአጥራችን በኩል፣ በበረቱ ዞሮ፣ የመጨረሻዋ አስፋልቱ ዳር! አስራ ሰባት ሴት ማስክ አድርጋ፣ በሰልፍ "ማርያም፣ ማርያም" ስትል ይታያችሁ። ሳጅን አባይነህ መጥተው "መሰብሰብ ክልክል ነው!" ሲሉ፣ እትዬ እፀገነት በነጠላቸው ውስጥ "ምን ተሰበሰብን ሳጅን? ተበትነን ነው የቆምነው! ይለኩት!" አሏቸው። ሳጅን በእርምጃቸው ለክተው፣ ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ።

እማዬ እጇ በገብስ ዱቄት ስለተያዘ ስልኳን ላውድ ላይ አድርጋ በርጩማ ላይ አስቀምጣው ነበር። እልልታዬ ግቢውን ሞላው። ሁሉም ሰሙ። እና ሁሉም ቆጠሩ! በእኛ ሰፈር ለወንድ ሰባት፣ ለሴት አምስት ነው የሚባለው። አያከራክርም። ያን ቀን ግን አከራከረ።

"ስድስት ነው" አለች እማዬ።

"ስድስት ምንድነው?" አሉ እትዬ እፀገነት። "ስድስት የሚባል ልጅ አለ?"

"እኔ የሰማሁት ስድስት ነው።"

"ሰባት ነው እንጂ! ሰባተኛዋ ስልኩ ሲቆረጥ አብራ ተቆርጣ ነው። ወንድ ነው! እልልልልል!"

አለቀ። እልልታው ከበር ወደ በረት፣ ከበረት ወደ አስፋልት ሁለት ሁለት እርምጃ እየዘለለ ሄደ። እትዬ እፀገነት በአንድ እጃቸው የገንፎውን ማማሰያ ይዘው፣ በሌላው ለሞልቱ ደወሉ። ሞልቱ አለቀሰ አሉ። ኳራንቲን ያለው ሰው ሁሉ በየመስኮቱ አጨበጨበለት አሉ። "ስሙ ኢሉ ነው! ኢሉ ብያለሁ በሏት!" አለና ስልኩ ጠፋ። እዚያ መብራት ሄዶ፣ ቻርጅ የለም።

እኛ ይሄን የት አውቀን! ሃምዛ ጡሩምባውን እየነፋ ወደ ሰፈር ሲያስገባን (ሳጅን ስላልነበሩ እኔም እግሬን እግሬ ላይ አድርጌ ተቀምጫለሁ) ሴቶቹ በሰልፍ ቆመው እልል ይላሉ። ሌንሳ "ምንድነው?" አለችኝ። "እንጃ፣ ፋሲካ ነው መሰለኝ" አልኳት። ባጃጁ ቆመ። በሩ ላይ የገንፎው ገበታ ተዘርግቷል፣ መሀሉ ጎድጉዶ ቅቤና በርበሬ ሞልቶበታል። ሌንሳ ሆዷን ይዛ፣ ቀስ ብላ፣ ወረደች።

በረት ውስጥ ላሟ ስታመሰኳ ይሰማል።

እትዬ እፀገነት ማስካቸውን ወደ አገጫቸው አወረዱ። "ምነው፣ ልጁን ጤና ጣቢያ ረሳችሁት?"

መሬት ብትውጠኝ! "ደህና ናቸው ለማለት ነው እልል ያልኩት" አልኩ በቀጭኑ። "ልምምድ ነው ብላናለች ሲስተር..."

"ልምምድ!" እትዬ እፀገነት ማማሰያውን አነሱ። "ሰማችሁ? ኑ እንግዲህ፣ ቅርብ ቅርብ በሉ፣ ግን አትጠጋጉ! የልምምድ ገንፎ ነው፣ ብሉ!"

ሴቶቹ በሳቅ ሞቱ። በክፋት አይደለም፣ እኔ አውቃቸዋለሁ፣ ነገ ሌሊት ብትጠሯቸው በባዶ እግራቸው ይመጣሉ። ግን ሌንሳ ሰማች። ወደ ቤት ገባች። ተከትያት ስገባ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ጫማዋን እንኳን አላወለቀችም።

"ሌንሲዬ፣ ይቅርታ..."

"ለባሌ ሳልወልድ ወለድኩለት" አለች። "ስም አውጥቶለታል አሉ። አሁን ማን ነው ደውሎ አልተወለደም የሚለው? ስሚኝ ናፊ፣ ሞልቱን እንደምትወጂው አውቃለሁ፣ ግን ከእንግዲህ ጭንቅላቱ ካልታየ ከዚህ ቤት አልወጣም። ሶስተኛ ጊዜ መሳቂያ አልሆንም።"

እሷ ስታወራ እኔ እያሰብኩ የነበረው የእህቷን ነገር ነው። ልክ እንደ እህቷ ነው ያለችው። "ሰው ይስቅብኛል።" እና ይሄን ያመጣሁት እኔ! በእልልታዬ!

ማታ ለሞልቱ ሰባት ጊዜ ደወልን። ሰባቱንም ጊዜ ሴትዮዋ እጃችንን እንድንታጠብ መከረችንና ደንበኛው አይገኝም አለችን። እኔ ደግሞ ስልኬን ሰክቼ ሌንሳ አጠገብ ተኛሁ። ሆዷ ሲጠነክር ፊቷ ላይ ያስታውቃል። ቀስ ብዬ ጻፍኩ። አስራ ሁለት ደቂቃ። ሰላሳ አንድ። ሰባት። ሃያ። ውሃ ሰጠኋት፣ ጠጣች፣ በግራ ጎኗ ተኛች፣ ጠፋ። የላፍቶ ታክሲ ነው። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ስነቃ አልጋው ባዶ ነው። ደነገጥኩ! እማዬ የመጀመሪያዋን ላም ወተት ይዛ ኮንዶሚኒየም ልታድል ሄዳለች። ከበረት በኩል ድምጽ ይሰማኛል። ሌንሳ ናት። እልህ ይዟት፣ "ደህና ነኝ" ለማለት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ የቀሩትን ሁለት ላሞች ታልባለች። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ጭርር፣ ጭርር፣ ጭርር ይላል።

ከዚያ ቆመ።

አጮልቄ አየሁ። ግንባሯን የላሟ ጎን ላይ ለጥፋ ዓይኗን ጨፍናለች። ትንሽ ቆይቶ እንደገና ጭርር፣ ጭርር። በረቱ በር ጀርባ ቁጭ ብዬ ስልኬን አወጣሁ። ወተቱ ሲቆም መያዝ ጀመርኩ።

ሰባት ደቂቃ። ሰባት። ስድስት። ሁለተኛዋ ላም ጋ ሄደች። ስድስት። ስድስት። መጀመሪያ አርባ ሰከንድ ነበር ዝምታው፣ አሁን ሃምሳ አምስት ሆነ። ልቤ ትላንት በቀንዱ ውስጥ እንደሰማሁት ይመታል። ፔንዱለም! ፔንዱለም ነው!

"ሌንሲ፣ ትንሽ ውሃ ጠጪ" ብዬ ገባሁ።

"ልምምድ ነው" አለች ሳልጠይቃት።

"እሺ፣ ግን ጠጪ።" ጠጣች። "ሽንትሽን?" "ሸንቻለሁ አቦ።" "እስከ አጥሩ እንራመድ።" ተራመድን። መንገዱ ላይ ክንዴን ያዘችኝ፣ ጥፍሯ ገባ። አምስት ደቂቃ። አልጋ ላይ በግራ ጎኗ አስተኛኋት። አምስት። ከጀርባዋ ተነስቶ ወደ ፊት እንደሚዞር አጥንቷን እያሳየች ነገረችኝ። አምስት። እማዬ አልመጣችም። አምስት ላይ ከደረሰ አንድ ሰዓት አለፈ።

"ሌንሲ፣ እንሂድ።"

"አልሄድም።"

"ሌንሲ..."

"አልሄድም አልኩሽ! እትዬ እፀገነት በር ላይ ገብስ እያሰጡ ነው። ሲያዩኝ ምን ይላሉ?"

እኔ ብዙ ነው የማወራው፣ ታውቃላችሁ። ያን ጊዜ ግን ደብተሩን ብቻ ከፍቼ ደረቷ ላይ አስቀመጥኩላት። በግራ ገጽ የትላንት ማታው፦ 12፣ 31፣ 7፣ 20። በቀኝ ገጽ የዛሬው፦ 7፣ 7፣ 6፣ 6፣ 6፣ ከዚያ እስከ ገጹ ታች 5 ብቻ። አየችው። ጣቷን በቀኙ ገጽ ላይ ከላይ እስከታች አወረደች። ይሄ ሁሉ ወተቱ ሲቆም የቆጠርኩት እንደሆነ ሲገባት ቀና ብላ አየችኝ።

"ስታይኝ ነበር?"

"ዓይኑ ነኝ እኮ" አልኳት።

ሌላ መጣባት። አብረን ቆጠርነው፣ ጮክ ብለን፣ እስከ ስልሳ። ሲለቃት ላቧን ጠረገች። "ሃምዛን ጥሪው። በጓሮ በር። ግን ናፊ፣ ትንፍሽ እንዳትይ።" ጣቷን ቀሰረችብኝና፣ "በተለይ እልል እንዳትይ!"

ሳቅን! በዚያ ምጥ ላይ ሁለታችንም ሳቅን!

ሃምዛ ሸሚዙን እየቆለፈ መጣ። ለእማዬ በወተት ጣሳው ላይ በከሰል "ጤና ጣቢያ ነን" ብዬ ጻፍኩላት። እና ስንወጣ እኔ ወጉን አውቄ ከኋላ መሮጥ ጀመርኩ። መታጠፊያው ላይ ማን ቆሟል? ሳጅን አባይነህ! ሃምዛን አስቆሙት፣ እኔም እያለከለክሁ ደረስኩ።

"ዛሬም ልምምድ ነው?" አሉ። ሰምተዋል! ሳጅን እንኳን ሰምተዋል!

"ዛሬ ጨዋታው ነው ሳጅን!" አልኩ፣ ደብተሬን ከፍቼ ፊታቸው ላይ ያዝኩ። "አምስት፣ አምስት፣ አምስት!"

ደብተሩን አዩ። የሌንሳን ፊት አዩ። ከዚያ መንገዱን ግራና ቀኝ ገላመጡና "ግቢ" አሉኝ። "አልሰማሁም፣ አላየሁም። ግቢ!" ሃምዛ ከመንቀሳቀሱ በፊት ራሳቸው ሮጠው መስቀለኛው ላይ ወጡና ሚኒባሶቹን በሙሉ አስቆሙልን። ወላሂ እንደ ሚኒስትር ነው የገባነው!

ሲስተር ዝማሬ መርምራት ስትወጣ ደብተሩን ከእጄ ወሰደች። ሁለቱን ገጾች አየችና "ማነው ያስተማረሽ?" አለችኝ። "አንቺ ነሽ!" አልኳት። "ይሄን ገጽ ልቅደደው?" ብላ ቀደደችው፣ ከሌንሳ ካርድ ጋር በስቴፕለር አያያዘችው። የቲቸር ቦንሳ ሆምዎርክ ጀርባው ላይ ነበር። ይሁን። "በሰዓቱ ነው ያመጣሻት" አለችኝ። ይሄን ሰርተፊኬት አድርጌ ግድግዳ ላይ ብሰቅለው ደስ ይለኛል።

እማዬ እየሮጠች ደረሰች። አንድ አስታማሚ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ እሷ ገባች። እኔ ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ፣ በቀይ ቀለም ኤክስ ያልተደረገበት ቦታ ፈልጌ ተቀመጥኩ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ስምንት። አስር። ሌንሳ ስትጮህ እሰማለሁ፣ ጆሮዬን እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። አንዴ በጣም ዝም አለና ያ ዝምታ... አልነግራችሁም። የእህቷ ነገር ነው የመጣብኝ።

አስራ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው በሩ ተከፈተ። ሲስተር ዝማሬ የፊቷን መከለያ ወደ ላይ ገፍታለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ሙሉ ግንባሯን አየሁ።

"ሴት ናት" አለች። "ሶስት ኪሎ ከሁለት መቶ። እናቷም ደህና ናት፣ ውሃ እየጠጣች ነው። አክስቷን ጥሩልኝ እያለች ነው።"

ሴት! ሴት ናት! ኢሉ ሴት ናት! ተነሳሁ። ትንፋሼን ሳብኩ። አሁን ማንም አይከለክለኝም፣ አሁን እውነተኛው ነው፣ አምስት ነው፣ ዛሬ እየቆጠርኩ ነው የምለው! አፌን ከፈትኩ።

ስልኬ ጮኸ። ሞልቱ።

"ናፊዬ!" ድምጹ ያለቀሰ ሰው ድምጽ ነው። "መብራት አሁን መጣ! ኢሉ እንዴት አደረ? ሌንሳስ? ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ የኢሉ አባት ነው የሚለኝ። ዘበኛው እንኳን! ናፊ፣ አምስት... አይ፣ አራት ቀን ነው የቀረኝ፣ ግን ድምጹን ሳልሰማ አልችልም። አንዴ ብቻ አሰሚኝ፣ በእናትሽ።"

እና ልክ ያኔ፣ በተከፈተው በር፣ ከውስጥ፣ ያቺ ገና አስር ደቂቃ ያልሞላት ጮኸች! እንዴት ያለ ድምጽ! ኮሪደሩ ተንቀጠቀጠ!

በስልኩ ውስጥ ያ ከባድ መኪና የሚነዳ ትልቅ ሰውዬ እንደ ሕጻን ተንሰቀሰቀ። "ሰማሁት! ሰማሁት! ልጄ ነው! ናፊ፣ እሱ ነው አይደል? ኢሉ ነው አይደል?"

ልጁ ናት። እሱ ግን አይደለችም። ትላንት ተወልዳም አልነበረም። እኔ ደግሞ ያ ሁሉ የጀመረው በእልልታዬ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ትንፋሼንም ከሳብኩ ቆየሁ፣ አፌም እንደተከፈተ ነው። ሁሉንም ከመጀመሪያው ልንገረው? አራት ቀን ይደሰት ብዬ "አዎ" ልበለው? ወይስ ምንም ሳልናገር አምስት እልልታ ልበልና እሱ ራሱ ይቁጠረው?

በናታችሁ ቶሎ በሉ፣ መስመር ላይ ነው። እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?